ከጎንደር ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰብ ይዤ ልወጣ ነው፣ እስኪ ምከሩኝ

የፋሲል_ጎረቤት
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ አርባን አልፏል፣ ሁለት ልጆች አሉኝ (ወንዱ 11፣ ሴቷ 6)፣ ግን እስከ ዛሬ "ለሽርሽር" ብዬ ከጎንደር ወጥቼ አላውቅም። ወጣሁ ካልኩ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ሠርግ፣ ወይ የመሥሪያ ቤት ስልጠና። ዘንድሮ ዕቁብ ወጣልንና ከባለቤቴ ጋር ቆረጥን። ከጥምቀት በኋላ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲወጡ አንድ ሳምንት ሐይቅ ዳር መሆን ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ። ሰባት ሐይቅ በሰባት ቀን። ካርታው ላይ ሳያቸው እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል፣ አንዱን አይተህ ወደ ሌላው ማለፍ ብቻ ነው የሚመስለው። ከዚሁ ከጎንደር ሚኒባስ ኮንትራት ይዤ ልሄድ ነው ያሰብኩት። እናቴም አብራን አለች፤ ሰባ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል።

ይሆናል? ልጆቹስ የትኛው ላይ ነው የሚዋኙት? የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ።

ጋሽ_ሾፌር
ሰባት ሐይቅ በሰባት ቀን? ልጄ፣ ይሄ ሽርሽር ሳይሆን የጭነት ሥራ ነው።

ሃያ ምናምን ዓመት መሪ ይዤ በዚያ መስመር ተመላልሻለሁና ስማኝ። ከጎንደር አዲስ አበባ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዓባይን በረሃ ወርደህ ወጥተህ፣ እናትህን በዚያ ጉልበት ይዘህ፣ መንገዱም እንደምታውቀው ሆኖ፣ አዲስ አበባ ስትደርስ ልጆቹ "እንመለስ" ነው የሚሉህ። ከአዘዞ በአውሮፕላን ሂድ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ውድ ነው ትለኛለህ። ነው። ግን ለሚኒባሱ ነዳጅ፣ ለሾፌሩ አበል፣ ለመንገድ አልጋና ለምግብ የምታወጣውን ደምር፣ ልዩነቱ እንዳሰብከው አይሰፋም። ሁለት ቀንም በሄድህ ሁለት ቀንም በመመለስህ ትቆጥባለህ።

መኪናውን ከአዲስ አበባ ያዝ። ከዚያ እስከ ሞጆ ፈጣኑ መንገድ ነው፣ ከሞጆ ደግሞ ወደ ቀኝ ታጥፈህ በመቂ በኩል ዝዋይ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላንጋኖ ወደ 200፣ ሐዋሳ ወደ 275። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል፣ ግን ምን ቆርጦህ።

ጎርጎራ_ናፋቂ
እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ከበርህ ላይ ጣና እያለልህ ምን ያባክንሃል? ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አንተ የዘረዘርካቸው ሰባቱ ተደምረው እንኳ ጣናን አያክሉም። ጎርጎራ ደብረ ሲና አለ፣ ደሴት እንደልብ ነው፣ ዓሣው ትኩስ። ጠዋት ወጥተህ ማታ ቤትህ ትገባለህ።

የፋሲል_ጎረቤት
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አውሮፕላኑን ስነግራት ልጄ አልጋ ላይ ዘለለች፣ ስለዚህ ያ ነገር ተወስኗል ማለት ነው።

ጎርጎራ_ናፋቂ፣ አልተሳሳትክም። ግን ጣናን ልጆቹ አምስት ጊዜ አይተውታል። ልጄ አሁን "ጎርጎራ እንሂድ" ስትለው "እዚያማ አጎቴ ቤት ነው" ነው የሚለኝ። የዘመድ ቤት ዕረፍት አይሆንም፣ ባለቤቴ እዚያ ሄዳ ወጥ ቤት ነው የምትውለው።

ጎርጎራ_ናፋቂ
እሱስ እውነት ነው። ተሸነፍኩ።

ደንበል_ዳር
ተወልጄ ያደግሁት ባቱ ነው (ዝዋይ ከተማ ማለት ነው፣ ሐይቁን ደግሞ ደንበል እንለዋለን)። ጎንደር ለትምህርት መጥቼ ቀረሁ። ይሄ ጥያቄ የኔ ነው፣ ትንሽ ላውራበት።

ሰባቱን አንድ ላይ አትቁጠራቸው። እውነተኛው ሰንሰለት አራቱ ናቸው፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ። እነዚህ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አራቱም አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፣ ሞልቶ ሲተርፍ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ዝናቡ ሲቀንስ እየጎደለ እየጎደለ መጣና ጉድጓድ ጉድጓዱ ላይ የቀረው ውሃ አራት ሐይቅ ሆነ።

አሁን የሚገናኙት በወንዝ ነው። መቂና ቀጣር የሚባሉት ወንዞች ዝዋይ ይገባሉ። ከዝዋይ ቡልቡላ ወጥቶ ወደ ደቡብ እየወረደ አቢጃታ ይገባል። ከላንጋኖ ደግሞ ሆራ ቀሎ የምትባል ትንሽ ወንዝ ወጥታ እሷም አቢጃታ። ስለዚህ አቢጃታ የሁለቱን ትራፊ ነው የሚጠጣው። ዝዋይ ላይ ውሃው ለመስኖ ሲሳብ፣ ዝናቡም ሲያጥር፣ መጀመሪያ የሚጠማው አቢጃታ ነው። አባቴ በልጅነቱ ውሃ ያየበት ቦታ ላይ ዛሬ ከብት ይግጣል። ሻላ ግን ዝም ብሎ ብቻውን ነው፣ ከሁሉም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ፣ የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። ዝዋይ ደግሞ ጥልቅ ነው በሚባልበት ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎረቤታሞች ናቸው ግን አይመሳሰሉም።

ለልጆችህ ይሄን እየነገርክ ብትወስዳቸው ጉዞው ጨዋታ ይሆናል። ከባቱ ስትወጣ ቡልቡላን ድልድዩ ላይ ታቋርጣለህ። "ይሄ ውሃ ነገ የምናየው ሐይቅ ጋ ነው የሚሄደው" በላቸው። ሆራ ቀሎም የምታቋርጠው በዚያው አስፋልት ላይ ነው፣ ካልተጠነቀቅክ ሳታያት ታልፋለህ።

ሐዋሳ፣ አባያና ጫሞ ሌላ ቤት ናቸው። ለሌላ ጊዜ ተዋቸው።

አሞራ_ገደል
ቆይ ቆይ። ሐዋሳን ለሌላ ጊዜ ተው የሚባል ነገር የለም! የዓሣ ገበያው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እግርህ ሥር ቆመው የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ፣ የዓሣ ሾርባ በሚጥሚጣ፣ ማታ ሐይቁ ዳር በእግር... ልጆች አሞራውን አይተው አይረሱትም። ከላንጋኖ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። አንድ ቀን እንኳ ስጣት።

ጋሽ_ሾፌር
አንድ ሰዓት ተኩል? አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን በገበያ ቀን አላየሃቸውም መሰለኝ። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ በጉ።

አሞራ_ገደል
እሺ ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ይሁን።

ሲስተር_ማራኪ
ስለ ጤና የጠየቀ የለም፣ እኔ ልበል። ጎንደር ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ እነዚህ ሐይቆች ግን 1,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። ወባ አለ። ደምቢያ ዘመድ ላለው ጎንደሬ ስለ ወባ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ ግን ሰው ሽርሽር ሲሄድ ይረሳል። ክፍሉ አጎበር እንዳለው ስልክ ስትደውል ጠይቅ፣ ቀዳዳውን ስትደርስ ፈትሽ። ማታ ለልጆቹ ረጅም እጅጌ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከመጣ "ጉንፋን ነው" ብሎ መተኛት የለም፣ ደም ማስመርመር ነው፣ ለሐኪሙም የት እንደነበራችሁ መናገር።

ሌላው ብልሃርዝያ ነው። ዝዋይ ላይ ልጆቹ እግራቸውን እንኳ እንዳይነክሩ፣ በተለይ ሣርና ቄጠማ ያለበት ጥግ ላይ፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ያለው እዚያ ነው። ሰው የሚዋኘው ላንጋኖ ነው፣ ከብልሃርዝያ ነፃ ነው እየተባለ የሚታወቀውም እሱ ነው። እዚያም ቢሆን ሎጁ ለመዋኛ በከለለው ቦታ፣ ትልቅ ሰው አብሮ ገብቶ። ጉማሬ ያለበት ጥግ አለው።

የፋሲል_ጎረቤት
ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ግን የላንጋኖን ፎቶ አይታ "ይሄ የጎርፍ ውሃ ነው፣ ልጆቼን እዚህ አላስገባም" ብላለች። ቀለሙ እንዴት እንደዚያ ሆነ? ጠላ ነው የሚመስለው።

ደንበል_ዳር
ሃሃ ጠላ ጥሩ ብለሃል። ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። በጣም የደቀቀ ሸክላ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው፣ አይዘቅጥም። አንድ ብርጭቆ ቀድተህ ብታስቀምጠው ነገም እንደዚያው ነው። ለእመቤቲቱ ንገራት፤ እኛ እዚያው እየተንቦራጨቅን ነው ያደግነው። ብቻ ነጭ ፎጣና ነጭ ልብስ አትያዙ፣ ቡናማ ሆኖ ይመለሳል።

ቁስቋም_ሰፈር
ከኔ ስህተት ተማሩ። አምና ነው የሄድነው፣ ሁለት ነገር ሠራን።

አንደኛ፣ ላንጋኖ ዓርብ ማታ ደረስን። አዲስ አበባ ሙሉ እዚያ ነው! አንድ ሎጅ በስልክ "ክፍል ይዘንላችኋል" ብሎን ነበር፣ ስንደርስ ስማችን የለም። እንግዳ መቀበያው ላይ ከልጆቹ ጋር ሻንጣ ላይ ተቀምጠን እስከ ማታ አራት ሰዓት። በመጨረሻ የሰጡን ክፍል ከሙዚቃው አጠገብ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ። ቀብድ ክፈሉ፣ ደረሰኙንም በስልካችሁ ያዙ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አቢጃታ ሄድን። ፍላሚንጎዎቹ ከሩቅ እንደ ሮዝ ሻሽ ተዘርግተዋል፣ ባሌ ደግሞ ፎቶ ይወዳል፣ "ትንሽ ጠጋ እንበል" አለ። መሬቱ ከላይ ደረቅ ነው፣ ነጭ ነው፣ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ሃምሳ ሜትር እንኳ ሳንሄድ መኪናው በሆዱ ተቀመጠ። ከሥሩ ጭቃ ነው ለካ፤ ሐይቁ የሸሸበት ቦታ ሁሉ እንደዚያ ነው። የአካባቢው ልጆች መጥተው በሳንቃና በገመድ እስኪያወጡን ፀሐይ ጠለቀች። ፍላሚንጎዎቹም ተነሥተው ሄዱ፣ የባሌ ፎቶ ላይ ያለው የኛ መኪና ብቻ ነው።

ጋሽ_ሾፌር
ምልክቱ ቀላል ነው። የቆየ የጎማ ዱካ የሌለበት መሬት ላይ መኪና አታስገባ። ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ ማለቴ ነው) ከፓርኩ በር ያዝ፣ እሱ የት እንደሚቆም ያውቃል። በእግር ብትሄዱም ከስካውቱ ኋላ ነው።

ደንበል_ዳር
ልክ። አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። በሩ አስፋልቱ ዳር ስለሆነ ከላንጋኖ ጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ነው። በሩ አካባቢ ሰጎንና ሚዳቋ ታያላችሁ፣ ለትንሿ ልጅህ ያ ይበቃታል። ከዚያ ሁለቱን ሐይቆች የምታይበት ከፍ ያለ ቦታ አለ፣ በአንድ በኩል አቢጃታ፣ በሌላ በኩል ሻላ። ሻላ ዳር ፍልውሃ አለ፣ ምንጩ ላይ እጅ አይገባም፣ ልጆቹን ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለልጅህ ትነግረዋለህ። ፔሊካኖች ጎጆ የሚሠሩት ሻላ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ነበር፣ ሰውም አውሬም ስለማይደርስባቸው። ሻላ ላይ ግን የሚበላ ዓሣ እምብዛም የለም። ስለዚህ እየበረሩ አቢጃታ ሄደው አጥምደው ይመለሱ ነበር። አቢጃታ እየጎደለ ጨውነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ፣ እነሱም እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። ፍላሚንጎ ግን የሚበላው ዓሣ ሳይሆን ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል አልጌ ነው፣ ለዚያ ነው እሱ የቀረው። ሰንሰለቱ በወንዝ ብቻ ሳይሆን በክንፍም ነው የተያያዘው።

የፋሲል_ጎረቤት
ጉድ ፈላ። ማታ ይሄን ሁሉ ጮክ ብዬ ሳነብ እናቴ ፈትል ላይ ነበረች። ዝዋይ የሚለውን ስትሰማ እንዝርቷን አስቀመጠችና "ታቦተ ጽዮን የተቀመጠችበት ዝዋይ ነው የምትለው?" አለችኝ። እኔ ስለ ሽርሽር አወራለሁ፣ እሷ ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ብላ የምትሰማው ስለማይመለከታት ነበር። አሁን ከሁላችንም በላይ የተነሣችው እሷ ናት። ደሴቱ ጋ በዚያ ጉልበት መድረስ ትችላለች?

ደንበል_ዳር
የእናትህ ነገር ደስ ይላል። አዎ፣ ደብረ ጽዮን ነው፣ ቱሉ ጉዶ የምትባለው ደሴት ላይ። ዝዋይ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፣ ትልቋ እሷ ናት። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው ሸሽተው እዚያ አቆይተዋታል ነው የሚባለው። የሚኖሩት ዛዮች ናቸው፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ከስልጢኛና ከሐረሪ ጋር ይዘመዳል። አማርኛም ኦሮምኛም ይችላሉ፣ እናትህ ሰው አታጣም።

እውነቱን ልንገርህ ግን። ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ነው፣ ዳገት አለው። ጀልባውም እንደ ሞተሩ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭር አጭር ሆኖ ይነጥራል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ውሃ ላይ ሁኑ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ተመለሱ። ዋጋውን ሳትሳፈር ጨርስ፣ ደርሶ መልስ መሆኑን፣ እዚያም ቆሞ እንደሚጠብቃችሁ ተነጋገር። የሕይወት ጃኬት ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን እንዳለው አይተህ ነው የምትሳፈረው፣ የትልቅ ሰው ለልጅ አይሆንም።

እናትህ ዳገቱን ካልቻለች ከታች ተቀምጣ ተሳልማ ትመለሳለች፣ አልያም ቀስ እያለች። እኛ አያታችንን በአራት ዕረፍት ነው ያወጣናት።

የፋሲል_ጎረቤት
ነገርኳት። "አራት ዕረፍት? ጎሃን በዓመት ስንት ጊዜ ነው የምወጣው" አለችኝ። ጎሃን መጨረሻ የወጣችው እኔ ሳላገባ ነው።

አዘዞ_ተሳፋሪ
ስለ ቀኑ። ከጥምቀት በኋላ ስትል ጥር 13 እና 14 ከሆነ እርሳው። የጥምቀት እንግዳ ሁሉ የሚመለሰው ያኔ ነው፣ ትኬት አታገኝም፣ ብታገኝም ዋጋው አይቀመስም። አንድ ሳምንት አሳልፈው፣ ትኬቱን ግን ከአሁኑ ቁረጥ። ደግሞ ነነዌ ዘንድሮ መቼ እንደሚገባ ባሕረ ሐሳቡን እይ፣ እናትህን ይዘህ ጾም ላይ እንዳትወድቅ።

አሞራ_ገደል
ጾም ቢሆንስ? ዓሣ እኮ ነው ያለው።

ቁስቋም_ሰፈር
በጎንደር ሰው ፊት ዓሣ በጾም? ኧረ ተው በማርያም።

አሞራ_ገደል
ሐዋሳ እኮ...

ጋሽ_ሾፌር
ይሄን ነገር እዚህ ከጀመራችሁት እስከ ፋሲካ አያልቅም። እናትየዋ የምትበላውን ታውቃለች። ባቱም ላንጋኖም የጾም በያይነቱ አለ። ለቀሩት ቆሮሶ ጥብስ፣ ባቱ ላይ።

አርባምንጬ
ዘግይቼ ነው ያየሁት። ጫሞን ስለተውከው አልቀየምም፣ እንዲያውም ትክክል ነህ። ከሐዋሳ በሶዶ ዞረህ አርባ ምንጭ ከግማሽ ቀን በላይ መንገድ ነው። የመጣህ እንደሆነ ለብቻው ና፣ ከአዲስ አበባ በረራ አለ። ጫሞ ላይ "የአዞ ገበያ" የምንለው ቦታ በጀልባ ይኬዳል፣ አዞው ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። አባያ ከጫሞ ከፍ ይላል፣ በመሃላቸው ያለውን ኮረብታ "የእግዜር ድልድይ" ነው የምንለው፣ ከላይ ስታየው ለምን እንደሆነ ይገባሃል። ልጅህ ትንሽ ይደግ።

የፋሲል_ጎረቤት
ለአሥር ቀን ያህል አስቸገርኳችሁ፣ አሁን ግን ጨርሻለሁ። የደረስንበት ይሄ ነው።

እሑድ ከአዘዞ ተነሥተን አዲስ አበባ፣ እህቴ ቤት እናድራለን (ይሄ የዘመድ ቤት ይቆጠራል፣ ግን አንድ ሌሊት ነው)። ሰኞ ጠዋት በተኮናተርናት አባዱላ ባቱ። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ቱሉ ጉዶ፣ ከሰዓት ዕረፍት፣ የእናቴ ጉልበት እንዲያገግም። ረቡዕ ቡልቡላን እያሳየን ወደ ላንጋኖ፣ ረቡዕና ሐሙስ እዚያው እናድራለን። ሐሙስ ጠዋት ከስካውት ጋር አቢጃታና ሻላ፣ በተረፈው ጊዜ ልጆቹ ውሃ ውስጥ። ዓርብ ሰው ሲገባ እኛ እንወጣለን። ሐዋሳ ዓርብን ተሰጥታለች፣ አሞራ_ገደል ደስ ይበልህ፣ ግን ቀኑ ዓርብ ስለሆነ የዓሣ ሾርባውን ልጆቹ ብቻ ናቸው የሚጠጡት። ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ፣ እሑድ ጎንደር።

ሰባት ሐይቅ ብዬ ጀምሬ አምስት ሆነ። ልጄ ደብተሩ ላይ አራቱን ሐይቆች ስሎ ወንዞቹን በቀስት አያይዟቸዋል፣ ሻላን ለብቻው ጥግ ላይ አድርጎ "ኩርፊያ ላይ ነው" ብሎ ጽፎበታል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። እናቴ ለደሴቱ ጧፍና ዕጣን ከዚሁ ይዛ ልትሄድ ነው፣ እሱስ ይሁን። ግን አንድ ጀሪካን ጠላም ለካህናቱ ካልያዝኩ ብላለች። አውሮፕላን ላይ እንዴት ነው የሚሆነው?

አዘዞ_ተሳፋሪ
ከፍተሻ አያልፍም ወንድሜ። ጌሾና ብቅሉን ያዙና እህትህ ጋ ትጥመቀው።

ጋሽ_ሾፌር
በአንድ ሌሊት ጠላ አይደርስም። ለእህትህ ዛሬውኑ ደውልላት።